ሰማያዊው ካባ

ልብስ ሰፊዋ ለመቁረጥ የከፈተችውን መቀስ መልሳ ገጠመችው።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"የቱን?" አለች ታናሽ እህቷ ሚጢ፣ ቀና ሳትል። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ከአንድ የጥንቆላ ካርድ ላይ ያለውን ሥዕል በትልቅ ወረቀት እያሰፋች ትስላለች።

"ሰማያዊውን። ባለ ነጠብጣቡን።"

"ከቁርጥራጭ ሻጮቹ ነዋ፣ እትዬ። በከረጢት ሙሉ ነው የሰጡኝ። ለሰውዬው ካባ አድርጊው።"

ሰውዬው ካርዱ ላይ ያለው ነው። አምስት ሰይፎች ታቅፎ ከድንኳኖች መሀል በእግሩ ጣት እየረገጠ ይወጣል፤ አንገቱን አዙሮም ፈገግ ይላል። እህትማማቾቹ ይህን ሥዕል ግድግዳ የሚሸፍን አድርገው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሊሰፉት፣ ቅዳሜ ለሚከፈተው ዐውደ ርዕይም ሊያደርሱት ነው። ታናሺቱ ትስላለች፤ ታላቂቱ ትሰፋለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ሲውሉ የመጀመሪያቸው ነው።

"ከሰባ ስምንቱ የጥንቆላ ካርዶች ሁሉ ሌባውን መረጥሽ?"

"ሌባ መሆኑን በምን አወቅሽ? የራሱን ሰይፍ ይዞ ቢሆንስ?"

"የራሱን የያዘ ሰው እንዲህ እየተሹለከለከ አይሄድም።"

"የተኛ እንዳይቀሰቅስ አስቦ ይሆናላ!" ሚጢ ሳቀች። ሳቋ ትንሽ ረዘመ።

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። የእናታቸው ልብስ ሲከፋፈል እሷ የጠየቀችው አንድ ሰማያዊ፣ ባለ ነጠብጣብ ቀሚስ ብቻ ነበር። ሚጢ ግን "ውይ፣ ከሌሎቹ ጋር ለተቸገሩ ሰጠሁት እኮ" አለቻት። ያኔ አመነቻት። አሁንም ልታምናት ፈለገች። ባለ ነጠብጣብ ጨርቅ የትም ሞልቷል።

እንደ ዋዛ ጨርቁን ገለበጠችው።

"ምን ታገላብጪዋለሽ?" አለች ሚጢ ፈጠን ብላ። "የሚያምረው በፊቱ በኩል ነው።"

በውስጡ በኩል፣ ከፊት የማይታይ፣ የጣት ርዝመት ያለው የእጅ ጥገና አለ። እያንዳንዱ ስፌት ወደ ግራ ያዘመመ ነው። እናታቸው በግራ እጇ ነበር የምትሰፋው። ልብስ ሰፊዋ ሙያውን ከእሷ ስትማር ያ አዘማመም ሁልጊዜ ይምታታባት ነበር።

"ከረጢቱ ውስጥ ከዚህ ጨርቅ ሌላ አለ?"

"እ... አላየሁም። ለምን?" ሚጢ እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች። እርሳሱ ግን ሹል ነበር።

ልትናዘዝ ፈልጋ ይሆን ያመጣችው፣ ወይስ ታላቅ እህቷ ጨርቁን አታውቀውም ብላ ንቃት ነው? ብትጠይቃት ሌላ ከረጢት፣ ሌላ ሻጭ ትፈጥራለች።

ጨርቁን በካባው ቅርጽ ቆረጠችው። ከዚያ ጥገናው የሰውዬው ጀርባ መሀል ላይ እንዲውል አድርጋ፣ ውስጡን ወደ ላይ ገልብጣ በስፒል አያያዘችው።

"እትዬ፣ ገልብጠሽዋል።"

"አውቃለሁ" አለችና መርፌዋ ውስጥ ክር አስገባች።