የብረቷ ደም

ታናሽየዋ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ናት፤ ደህና ስትሆን። ደህና የምትሆንበት ቀን ግን ብርቅ ከሆነ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ እንጨት ይሆኑና መቀስ አንይዝም ይላሉ። ትንሽ ፀሐይ ከነካት ጉንጮቿና አፍንጫዋ ላይ ቀይ ሽፍታ ይወጣባታል። ድካሟማ አይወራም፤ እሷ ከአልጋ ወርዳ ጫማዋን እስክታስር ሌላው ሰው ተራራ ወጥቶ ይወርዳል።

የምትሠራው ታላቅ እህቷ በከፈተችው የተማሪ ዩኒፎርም መስፊያ ቤት ነው። ታላቅየዋን ሰፈሩ ሁሉ «ብረቷ» ይላታል። ታማ አታውቅም፤ ጉንፋን እንኳ እሷን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ጤንነትን እንደ ሙያ ስለምትቆጥረው የታመመ ሁሉ ሰነፍ ይመስላታል። ክፋት የለባትም፤ ጤና ብቻ ነው ያለባት።

«እኔም እኮ ይደክመኛል» ትላለች ከመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ። «ግን ለማን ብዬ ልድከም?»

ታናሽየዋ የምትመኘው ይህች እህቷ እንድታምናት ነበር። መድኃኒቱ እንኳ ይቆይ። መታመሟ በዚያች ቤት ውስጥ እውነት ሆኖ ቢያድር ግማሹ ሕመም የሚለቃት ይመስላት ነበር።

ችግሩ ደሟ ቁርጥ ያለ ነገር አለመናገሩ ነው። ሐኪሟ ሉፐስ የሚባለውን በሽታ ጠርጥራ ደም አስቀዳች። ኤ ኤን ኤ የሚባለው የመጀመሪያው ምርመራ «አለ» አለ። ሁለተኛው «የለም» አለ። ሦስተኛው «ያለም ይመስላል፣ የሌለም ይመስላል» አለ። ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ቢላክ ደግሞ «ቆይቶ ይደገም» ብሎ ከደሙ ንጹሕ ነኝ አለ። የባልና ሚስት ጠብ እንኳ ከዚህ ቶሎ ይቆረጣል።

«ሉፐስ ማለት የሰውነት ዘበኛ ሲያብድ ነው» ብላ አስረዳቻት ሐኪሟ። «ሌባውን ትቶ ባለቤቱን ይደበድባል። ደም ውስጥ ምልክቱን እንፈልጋለን፤ ግን ምልክቱ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል። አንዳንድ ታማሚ ላይ ደግሞ ይታጣል። አንድ ምርመራ ብቻውን አይፈርድም።»

ታናሽየዋ ይህን ለእህቷ ስትነግራት ብረቷ በሳቅ ፈረሰች።

«በሽታ ከሆነ በሽታ ነው፣ ካልሆነ አይደለም! ምኑ ነው የሚያሽኮረምመው?»

እዚያ መስፊያ ቤት አንድ ሕግ አለ። የተሰፋ ልብስ ካጠራጠረ በቃል አይከራከሩበትም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ናሙና ይወርድና ጎን ለጎን ይነጠፋል። ልብስ ተኳሹ አዛውንት፣ ማስታረቅ ነፍሳቸው ነውና፣ ካውያቸውን አቁመው፣

«ለደሙስ ናሙና ቢፈለግ ምን ይለዋል?» አሉ።

«ናሙናዋማ እኔ አለሁ!» አለች ብረቷ። ሐኪም ሳታማክር በማግስቱ ላቦራቶሪ ሄዳ ክንዷን ዘረጋች። «ለማስተማሪያ ብታስቀሩትም ቅር አይለኝም» ብላም ደም ቀጂውን ልጅ አሳቀችው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ያ ኤ ኤን ኤ የሚሉት የመጀመሪያው ምርመራ በብረቷም ደም ላይ «አለ» አለ። ያውም ከታናሽየዋ አስበልጦ!

ብረቷ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ምንም የለም። ወንበር ፈለገች።

«ለካ ያ ጉልበቴ…» አለች።

«የቱ ጉልበትሽ እትዬ? አንድ ቀን አሞኝ ያውቃል ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«ችዬው ነዋ!»

ተኛች። ቤቱ በጠያቂ ተጨናነቀ። ዩኒፎርም ያዘዙት ርዕሰ መምህር «ልብሱ ይድረስ ባለው ጊዜ፣ እርስዎ ብቻ ይዳኑልን» አሉ። ጎረቤቶች ፊቷን ከበሽታው ጋር እያስተያዩ «ያስታውቅ ነበር እኮ» ተባባሉ። ብረቷ ፀሐይ እንዳያገኛት ቤት ውስጥ ባርኔጣ አጠለቀች፤ ዚግዛግ ማሽኗንም ለልብስ ተኳሹ ተናዘዘች። አዛውንቱ አለቀሱ፤ ቢሆንም ማሽኑ ዘይት ይፈልግ እንደሆነ ጠየቁ።

በማሽኑ ላይ ጎንበስ ብላ የምትውለው፣ ማታ ሾርባ የምታማስለው ታናሽየዋ ሆነች።

«ቀና በይ እትዬ፣ ትንሽ ቅመሺ።»

«አልችልም እናቴ። ጣቶቼ እንጨት ሆነዋል።»

ታናሽየዋ ምልክቶቿን አንድ በአንድ ስትዘረፍ ታያለች። መጀመሪያ አሳቃት። ሰንበት ሲል ግን ጓዳ ገብታ በማማሰያው ግድግዳውን መታችው። ግድግዳው ምንም አልሆነም፣ እጇን ግን አመማት። ሕመሟን ብረቷ አፍ ውስጥ ሁሉም አመነው፤ እሷ አፍ ውስጥ ሳለ ስንፍና ነበር።

በመጨረሻ አብረው ሐኪሟ ዘንድ ሄዱ፤ ጤነኛዋ በበሽተኛዋ ትከሻ ተደግፋ። ሐኪሟ ብረቷን አገላብጣ መረመረቻት፣ ጠየቀቻት፣ ሽንቷንም አየችው።

«ምንም የለብሽም።»

«ደምሽ ላይ አለ ተባልኩ እኮ!»

«ምልክቱ አለ፣ በሽታው የለም። እንዲህ ያለ ጤነኛ ብዙ ነው። ሄደሽ ሥራሽን ሥሪ።»

ብረቷ እንደ ተሰደበ ሰው ከፋት። «ደህና አድርገሽ እዪኝ እንጂ» ልትል ስትል ሐኪሟ ወደ ታናሽየዋ ዞረች። ያበጡትን የጣት አንጓዎች ጫን ጫን አደረገች። አፏን አስከፍታ ላንቃዋ ላይ ያለውን ቁስል አየች። ሽፍታውን፣ የቀድሞዎቹን ውጤቶች፣ በመጨረሻም የዚያን ዕለት የሽንት ምርመራ አስተያየች። ፕሮቲን ወጥቶበታል።

«ኩላሊትሽን መነካካት ጀምሯል። በጊዜ ደርሰናል፣ መድኃኒት አለው» አለች። «ደሙ ብቻውን አልነገረንም፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲደመር ግን ሉፐስ ነው።»

ታናሽየዋ ፈራች። ከፍርሃቱ ሥር ግን ደስታ ነበረ፤ በዚህም አፈረች፣ አለቀሰችም።

ብረቷ ባርኔጣዋን አወለቀች። የእህቷን እጅ አንስታ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው አንጓ በአንጓ ዳሰሰችው።

«አብጠዋል እኮ» አለች ቀስ ብላ። «እኔን ምንም ሳይኖርብኝ በአንድ ቀን አመናችሁኝ። አንቺን ይኼን ሁሉ ጊዜ ማን አመነሽ?»

«ማንም» አለች ታናሽየዋ።

ብረቷ ቦርሳዋን ቀማቻት፣ በክንዷ አቅፋ አስነሳቻት፣ በሩንም በእግሯ በርግዳ ወጣች። ኮሪደሩ በወረፋ ጠባቂ ተሞልቷል።

«ዞር በሉ!» ብላ ጮኸች፣ ሕንጻው እስኪያስተጋባ። «ዞር በሉ እንጂ፣ እህቴን አሟታል! በጣም ነው ያመማት!»

ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ተከፈለ። ታናሽየዋ ትንሽ ፈጠን ማለት ትችል ነበር፤ ግን አልፈለገችም።