ማረፍ የነበረባት ግራ እግር

ቪልማ በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ የእጅ ኳስ ተጫዋች ናት፤ በየቀኑም የወሊድ መከላከያ እንክብል ትወስዳለች። ተመራማሪዋ ሊስቤት ደግሞ፣ እንክብሉ የወጣት ሴቶች ጡንቻ ከስፖርት በኋላ ራሱን መልሶ መገንባቱን ያዘገይ እንደሆነ ስታጠና ሁለት ዓመት ለፍታለች። ቪልማ አሥራ ሁለተኛዋና የመጨረሻዋ ተሳታፊ ነበረች። ጥናቱ በወሩ መጨረሻ መቅረብ አለበት።

ተሳታፊዋ በቀኝ እግሯ ብቻ አንድ ሰዓት ክብደት ትገፋለች፤ ግራው ያርፋል። በማግስቱ ከሁለቱም ጭኖች የሩዝ ፍሬ የምታህል ሥጋ በመርፌ ይወሰድና የሠራው ካረፈው ጋር ይነጻጸራል።

ቪልማ ክብደቱን በገፋች ማግስት ጠዋት ቁርስ ሳትበላ መጥታ አልጋው ላይ ተጋደመች። ሊስቤት መርፌውን አነሳች።

«ጸጉርሽ ምን ሆኗል? ከዶሮ ጋር ስትጣይ ያደርሽ ትመስያለሽ።»

«ከወደቡ ጀምሮ ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። ዳገቱንማ ቆሜ ነው ፔዳሉን የረገጥኩት።»

የሊስቤት እጅ ባለበት ቀረ።

«ስፖርት እንዳትሠሪ ብዬሽ አልነበር?»

«አልሠራሁም እኮ። ብስክሌት ነው የነዳሁት።» ቪልማ ይህን ብላ ግራ እግሯን አየችው። «ውይ፣ ይቺም ሠርታለች ለካ። በቃ ማንም አልሰማም፤ ውጊኝና እንገላገል።»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች ሊስቤት።

«አይ አንቺ! ሌሎቹስ በአውቶቡስ የመጡ መሰለሽ?»

ሊስቤት ወንበር ስባ ተቀመጠች። በዚህ ከተማ ብስክሌት መንዳት ከስፖርት ይቆጠራል ብሎ የሚያስብ የለም። የእሷም ብስክሌት ደጅ ቆሟል። ስልኳን አወጣችና ለሌሎቹ አሥራ አንድ ተሳታፊዎች በየተራ እየደወለች በምን እንደመጡ ጠየቀች፤ ድምጿ አንዴም አልተለወጠም። ቪልማ ብርድ ልብስ ደርባ ስሞቹ ላይ ምልክት አደረገች። ስምንቱ በብስክሌት ነበር የመጡት።

ሊስቤት ስምንቱንም ቪልማንም ሰረዘች። ለኃላፊዋም «ጥናቱ በወሩ መጨረሻ አይደርስም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ብስክሌትም እንደሚቆጠር አልነገርኳቸውም» ብላ ጻፈች።

«ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«እንክብሉን የሚውጡት ሴቶች ጥናቱን አምነውኝ ነው የሚያነቡት።»

ቪልማ ብዙ ጨዋታ ተሸንፋለች፤ ሽንፈትን እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚቀበል ሰው ግን አላየችም ነበር።

«እንግዲያው እንደገና ስትጀምሪ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ» አለች። «መቼ ልምጣ?»

ሊስቤት የቀን መቁጠሪያውን ገለጠች። «ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ።»