ለሃምሳ ደቂቃ የተመረጠች ጋሪ

ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ውሸት ብትገኝ የስፌት መኪናዬ ዓመት ሙሉ ክር ይበጥስብኝ፤ መቀሴም እርጥብ ወረቀት መቁረጥ ይሳነው። ሰው ስለ እኔ ብዙ ያወራል። አጋናኝ ነው ይላል። እውነቱ ግን፣ የሆነውን ሁሉ እንዳለ ብናገር የሚያምነኝ ስለማይኖር ሁልጊዜ ቀንሼ ነው የማወራው። ይህንንም ቀንሼ ነው የጻፍኩት።

ሥራዬ ልብስ ሰፊነት ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም። ከከተማችን ሕዝብ ግማሹ በእኔ ሱሪ ነው ተምሮ ሰው የሆነው። የቀረው ግማሽ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ለብሶ በተወለት የእኔ ሱሪ። በመንገድ ማዶ የሚያልፈውን ሰው የወገቡን ልክ ከዚሁ ከወንበሬ ሳልነሳ እነግራችኋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን፣ ኮቴውን ሰምቼ።

እኔና ባለቤቴ የምንሠራው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት መኪና ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በመሐላቸው የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ሥር የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፣ ከደንበኛ ጋር አወራለሁ። እሷ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ታጥፋለች፣ የእኔን ወሬ ትሰማለች። ከሦስቱ የሚከብደው ሦስተኛው ነው ትላለች።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እኛም በሰማያዊ ጨርቅ ተውጠን ሳለን፣ የመጀመሪያ ልጄ ልጇን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ገባች። ልጄ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ንግግሯም እንደ ምርመራ ውጤት አጭር ነው። ሕፃኗን ድንቡሼ እንላታለን። ሰባት ወሯ ነው። ሚዛን ስምንት ኪሎ ናት ይላል፤ ክንዴን ብትጠይቁት ግን ሃያ ይላችኋል።

ቲኬቱ ተቆርጧል አለችን። ባሏ፣ ማለትም አማቼ፣ የድልድይ መሐንዲስ ነው፤ ሥራ ባሕር ማዶ ወስዶት ልጁን እስከ ዛሬ ያያት በስልክ ብቻ ነው። እናትና ልጅ ወደ እሱ የሚሄዱት ሁለት አውሮፕላን ይዘው ነው። ከአንደኛው ወርደው ሁለተኛው ላይ እስኪሳፈሩ ያለው ጊዜ ሃምሳ ደቂቃ ነው። ያ ሁለተኛው ደግሞ የሚበረው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ካመለጣቸው ሕፃን ይዞ ሦስት ቀን የኤርፖርት ወንበር ላይ ማደር ነው። ልጄ የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው፤ ወገቧ እስካሁን አልጠናም፤ ሐኪሟም ልጅ ይዘሽ ብዙ እንዳትሄጂ ብሏታል። ስለዚህ የልጅ ጋሪ ያስፈልጋል። ጋሪው ግን ታጥፎ ከላይ ከእሷ ጋር የሚገባ መሆን አለበት። ትልቅ ከሆነ በሩ ላይ ይቀበሏትና ከሻንጣ ጋር ታች ይጭኑታል፤ የምታገኘውም ጉዞው ሲያልቅ ነው። ያኔ ሃምሳውን ደቂቃ ድንቡሼን ታቅፋ መሮጥ ሊኖርባት ነው።

ይህን ሁሉ ነግራን ስታበቃ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣችና መቀሴ ሥር አስቀመጠችው። የተፈቀደው ልክ ተጽፎበታል፤ ቁመት፣ ወርድ፣ ውፍረት።

«አባዬ፣ ልክ የምታውቀው አንተ ነህ። ምረጥልኝ» አለችኝ።

ይህች ልጅ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ አንድም ነገር ምረጥልኝ ብላኝ አታውቅም። ያን ዓመት የሰፋሁላት ጉርድ ቀሚስ ቁርጭምጭሚቷን አልፎ መሬት ይጠርግ ነበር፤ ሦስት ዓመት እንዲያገለግላት ብዬ ነው። ክፍሏ ውስጥ መነኩሲት አሏት። ከዚያ ወዲህ ልብሷን ራሷ ትገዛለች፣ ራሷ ታሳጥራለች፣ ባሏንም ራሷ መረጠች። ስለዚህ ምረጥልኝ ስትለኝ ልቤ ጮቤ ረገጠ። ወዲያው ደግሞ ቀዘቀዘ። የምመርጠው ዕቃ እነሱን ከእኔ ይዞ የሚሄድ ዕቃ ነዋ።

ባዶ እጄን ሱቅ ገብቼ የሻጭ መጫወቻ መሆን አልፈለግሁም። ወረቀቱን መኪናዬ ላይ ለጠፍኩና ከሸራ ጨርቅ አንድ ከረጢት ሰፋሁ፤ ጎኖቹን በካርቶን አጠነከርኩ። ነገሩ ቀላል ነው። ታጥፋ እዚህ ከረጢት ውስጥ የገባች ጋሪ አውሮፕላንም ትገባለች፤ ያልገባች ትቅር። የአውሮፕላን ኩባንያዎች ይህን ዘዴ ቢሰሙ ኖሮ በማግስቱ ልዑካን ይልኩብኝ ነበር።

ሱቁ አሥራ ሁለት ፎቅ ነው። ከውጭ ሲያዩት ሁለት ፎቅ ይመስላል፤ የቀረው ወደ ውስጥ ነው። የተቀበለችኝ ሻጭ ፈገግታዋ በልኳ የተሰፋ ሴት ናት። ሦስት መቶ ጋሪ አሳየችኝ። ገና ስገባ ዓይኔ አንዱ ላይ ቀረ። ጎማው ትራክተር ያስንቃል፤ ጥላ አለው፣ ስፕሪንግ አለው፣ ለጡጦ ብቻ የተሠራ ኪስ አለው፤ መቀመጫው የሚኒስትር ወንበር ነው። ድንቡሼን እዚያ ላይ ተንሰራፍታ በዓይነ ኅሊናዬ አየኋት። ሌላው እንደ ዣንጥላ የሚሰበሰብ ነው፤ ሲያነሱት ላባ ነው፣ ግን ጀርባው ወደ ኋላ አይተኛም፤ ሕፃን ከተኛችበት አንገቷ ይንጠለጠላል። አንዱን ለማጠፍ ሁለት እጅ፣ አንድ እግርና ትንሽ ስድብ ያስፈልጋል።

ሻጯን የጠየቅኋት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። በግራ ክንድ ልጅ ይዞ በቀኝ እጅ ብቻ ማጠፍ ይቻላል ወይ? ይቻላል አለችና ባዶ ክንዷን ልጅ እንዳቀፈ ሰው አጥፋ አሳየችኝ። ልጅ የታለች ብላት አሻንጉሊት አመጣች። አሻንጉሊት አይራገጥም፣ ጸጉር አይጎትትም፣ እናቱ በቸኮለች ሰዓት እንደ ዓሣ አይሟለጭም። እኔ ግን ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ጥቅል ጨርቅ ይዣለሁ። ጥቅሉን በግራ ክንዴ አቅፌ ጋሪዎቹን በተራ አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። መጀመሪያ አርባ ነበሩ፤ በኋላ መቁጠር ተውኩ።

ከዚያ፣ እስቲ ሃምሳ ደቂቃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልየው ብዬ ጥቅሉን እንዳቀፍኩ ከሱቁ ጫፍ እስከ ጫፍ መመላለስ ያዝኩ። የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ጨዋታ ነው። በሃያኛው ክርኔ ማጉረምረም ጀመረ። በሠላሳኛው ክንዴ የእኔ መሆኑን ተወ። ሰው ሕፃን ሲያቅፍ ሰዓት አያይም፤ ሲደክመው ለእናቷ ይሰጣል፣ አለቀ። እናቷ ግን ለማን ትሰጣለች? በማታውቀው አዳራሽ፣ በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ ምልክት እያነበበች፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ ጭና ስትሮጥ ታየችኝ።

በአርባኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ የሚገርም ነገር መጣ። ማስቀመጥ አስጠላኝ። ክንዴ እሪ ይላል፤ እኔ ግን አንድ ዙር ብቻ፣ አንድ ዙር ብቻ እያልኩ እዞራለሁ። ለጨርቅ ይህን ያህል መሳሳት ምን እንደሚባል አላውቅም። ሐኪም ቢያየኝ ስም ያወጣለት ነበር።

ከዚያ ወደ ከረጢቱ መጣን። እዚህ ላይ ነገር ተበላሸ። የመጀመሪያዋን ጋሪ አጥፈን ብንከታት ገባች። ሁለተኛዋም ገባች። ያ ባለ ትራክተር ጎማው እንኳ ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ሰተት ብሎ ገባ። ሻጯ ሜትሯን ከኪሷ አወጣች፣ ከረጢቱን ለካች፣ ወረቀቴን አየች፣ እንደገና ለካች። በቁመቱ አራት ጣት፣ በወርዱ ሁለት ጣት ይተርፋል።

እጄ ነው ጉድ የሠራኝ። እኛ ዘንድ ዛሬ ላለው ልጅ ልብስ የሚያሰፋ ወላጅ የለም፤ ለከርሞም ይሁነው ይላሉ ሁሉም። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልክ በወሰድኩ ቁጥር፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከታች አራት ጣት ከጎን ሁለት ጣት ለእድገት እተዋለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውንም እንደ ልጅ ልክ ወስጄ የእድገቱን ጨምሬበታለሁ። አውሮፕላን ደግሞ አያድግም። በእርግጥ ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት፤ ሻጯ ንቁ መሆኗን ልፈትን ፈልጌ። ፈተናውን አልፋለች።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ ዝም ለማለት አስቤ ነበር። ያንን ትልቁን ልይዘው። ልጄ ከረጢቱ ውስጥ ሲገባ ታያለች፣ ታምነኛለች፣ ይዛው ትሄዳለች። በሩ ላይ አይገባም ይሏታል። ትናደዳለች። ምናልባት ትመለስ ይሆናል። ምናልባት ጉዞው ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ድንቡሼ ጥርስ ታወጣለች፣ ሕፃን ጥርስ እያወጣች አትጓዝም እላለሁ፤ ከዚያ መዳህ፣ ከዚያ መቆም። ለእድገት መተው የምችልበት ሙያ እኮ ነው ያለኝ።

ግን ልጄን አውቃታለሁ። የምትመለስ ሰው አይደለችም። ጋሪውን ጥላ፣ ሕፃኗን ታቅፋ ትሮጣለች እንጂ።

እዚያው ሱቁ መሐል ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና የከረጢቱን ስፌት በጥርሴ ፈታሁ። ትርፉን ቀንሼ፣ መርፌና ክር ከኮቴ ኪስ አውጥቼ፣ በልኩ መልሼ ሰፋሁት። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ከዚያ ወዲያ ከሦስት መቶው ጋሪ ከረጢቱ ውስጥ የገባችው አንዲት ብቻ ናት። ግራጫ፣ ትንሽ፣ ከግድግዳው ጋር ተለጥፋ ማንም ያላያት። ጥላዋ የኮፍያ ጫፍ ያህል ነው፤ ጎማዎቿ የካፖርት ቁልፍ ያካክላሉ። አታምርም። ግን አውራ ጣት ሲጫናትና የእጅ አንጓ ዞር ሲልባት ትታጠፋለች፤ ጀርባዋም ለእንቅልፍ ዝርግት ይላል። አልወደድኳትም። እሷን መረጥኩ።

ሥራ አስኪያጁ ከዘጠነኛው ፎቅ ወርዶ ለሱቁ የልክ አማካሪ እንድሆን ለምኖኛል። የዩኒፎርም ወቅት ነው ብዬ አሰናበትኩት።

የመሄጃው ቀን ኤርፖርት ውስጥ ልጄ ያችን ጋሪ ባንድ እጇ አጥፋ ስትከንፍ፣ የበረራ ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው አዩዋት። ዋና አብራሪው ራሱ ወርዶ ማን ነው የመረጠው ብሎ ጠየቀ፤ በጣቷ ወደ እኔ አሳየችው፤ ኮፍያውን አነሳልኝ። በማግስቱ ስልክ ደወለች። ሁለተኛው አውሮፕላን ላይ የተሳፈሩት አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ድንቡሼ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንቅልፏን ለጥጣለች፤ አባቷን ስታየው ለቅሶ ጀምራ፣ ኋላ ግን አፍንጫውን ይዛ አልለቅም ብላዋለች። አውሮፕላን በተሠራ ዘመን ሁሉ እንደዚያ ያለ ጋሪ ምርጫ ተደርጎ አያውቅም፤ ይህን የሚክድ ካለ ይምጣ።

ጽፌ እንደ ጨረስኩ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ከመኪናዋ ፊት ተቀምጣ የትንሽ ሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች፣ ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አንተ እኮ ሱቁ ውስጥ አልገባህም» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ምን ማለትሽ ነው አልኳት።

«ከረጢቱን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። ትርፉን የፈታሁትም እኔ። ጋሪዋን የመረጠቻት ልጅህ ናት።» ቁልፉን ጎተት አድርጋ ጥብቀቱን አየች። «አንተ ደጅ ላይ ነበርክ፤ ድንቡሼን ታቅፈህ ወዲያ ወዲህ ስትል። ጋሪዋን ይዘን ስንወጣ ልጅህ፣ አባዬ አስተኛትና ትሞክራት አለችህ። ትንሽ ቆይ አልካት። እስከ ቤት ድረስ ባዶዋን ነው የገፋናት።»