ማግኔቱን የሚያሳርፈው አናጢ

አናጢው ሥራ ሲጨርስ መዶሻውንና መሮውን ከግድግዳው ማግኔት ላይ አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስተኛቸዋል። «ቀኑን ሙሉ ተሸክሟቸው ዋለ፤ ይረፍ እንጂ» ይላል። ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ ሚስቱ ይህን ስታይ ሃያ ዓመት ሆኗታል። በእነዚሁ ሃያ ዓመታት እሱ ሚስማር ሲመታ ሳንቃውንና የቁም ሳጥኑን በር ይዛ የምትቆመው እሷ ናት። «አንቺም ትንሽ እረፊ» ያላት ግን የለም። ለብረት የሚራራ ባል ማግኘትም ዕድል ነው!

አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱ ተከራከሩ። አዲሱ የሱቁ ሰሌዳ በሩ ላይ ሊሰቀል ነው፤ ጽሑፉን ሠዓሊው ከሰዓት መጥቶ ይጽፈዋል። እሷ «የባልና ሚስት የእንጨት ሥራ» እንዲባል ትፈልጋለች። እሱ «አናጢው» ከተባለ ይበቃል ባይ ነው።

የፊዚክስ አስተማሪ የሆነችው ልጃቸው ጎራ ብላ የተኙትን መሣሪያዎች ስታይ ሳቋ መጣ።

«አባዬ፣ ማግኔት እኮ አይደክመውም! መዶሻው ካልተንቀሳቀሰ ማግኔቱ ሥራ አልሠራም፤ የሚያወጣው ጉልበትም የለም። ኮትህን የሰቀልክበትን ሚስማር አሳርፈኸው ታውቃለህ?»

አናጢው ጥቂት አሰበና ፊቱ በራ። ሚስቱ ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ ደግ ነገር አያመጣም።

«ሰማሽ? ይዞ መቆም ሥራ አይደለም! የተማረች ናት ያለችው። ታዲያ አንቺ ምን ሠርተሽ ነው ሰሌዳ ላይ የምትጻፊው?»

«እኔ እንደሱ ወጣኝ?» አለች ልጅቷ ደንግጣ።

ሚስትየው ከልቧ ከፋት። ቢሆንም አልጮኸችም። መዶሻውን ይዛ መሰላሉ ላይ ወጣች።

«ና በርጩማው ላይ ቁምና ሰሌዳውን ያዝልኝ። ሥራ አይደለም አይደል? ሥራውን እኔ እሠራለሁ።»

እየሳቀ ከራሱ በላይ አነሣው። እሷ ሚስማር መምረጥ ጀመረች። ይኼኛው ጠማማ ነው፣ ያኛው አጭር። ጎረቤት ሲያልፉ የልጆቻቸውን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቀች። የአናጢው ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ላቡ አገጩ ላይ ደረሰ።

«ሰው እንደ ማግኔት አይደለም፣ አባዬ» አለች ልጅቷ። «ዝም ብሎ ቢቆምም ጡንቻው ውስጥ ውስጡን ይለፋል፤ የበላውን ያቃጥላል። ይህን ሳልነግርህ ነው ቸኩለህ የደመደምከው።»

«አሁን ነው የሚነገረኝ? ኧረ በፈጠረሽ፣ ምቺው!» አላት ሚስቱን።

«ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ሳላውቅ ሚስማር አላባክንም።»

አናጢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሃያ ዓመት እንዲህ ነበር የምትይዢልኝ?» አላት።

«የቁም ሳጥን በር ከዚህ ይከብዳል።»

«እንግዲያው… የሚስትና የባል ይባል።»

ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። የመጀመሪያውን ሚስማር በአንድ ምት አስገባችው።

«አሁን ልልቀቀው?»

«ቆይ፣ ቀጥ ማለቱን ልይ» አለችና ከመሰላሉ ወርዳ፣ እየሳቀች፣ ከመንገዱ ማዶ ተሻገረች።