የአምበሏ ጉልበት

ጩጬን ከጨዋታ በፊት የሚያስጨንቃት የራሷ እግር ሳይሆን የሰው ጉልበት ነበር።

«ጩጬ» ብለው ስም ያወጡላት የቡድን ጓደኞቿ ናቸው። ከትምህርት ቤት ቡድን ተመርጣ ለክለቡ ስትፈርም ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ውሉ ላይ እናቷም አብራ ፈርማለች። በክለቡ ማደሪያ ከአምበሏ ጋር አንድ ክፍል ሲሰጧት ደስታው ሊያሳብዳት ደረሰ። የአምበሏን ፎቶ ከጋዜጣ ቆርጣ ደብተሯ ላይ የለጠፈች ልጅ ናት እኮ! አምበሏ ግን በሩን ከፍታ ከእግር እስከ ራስ አየቻትና፣ «ይቺን ጡት ሳትጥል ነው እንዴ ያመጡብኝ?» አለች። ከዚያ ሻንጣዋን ተቀበለቻት፤ በመስኮቱ በኩል ያለውንም አልጋ ለቀቀችላት።

እንዲህ ያለች ሴት ናት። አፏ ነው እንጂ ሆዷ ክፋት አያውቅም። ጀርባን ለጎል ሰጥቶ ኳስ መቀበልን፣ ሸሚዝ ለሚጎትት ተከላካይ ዳኛ ሳያይ በክርን መልስ መስጠትን፣ ጋዜጠኛ ሲያጣድፍ ስቆ ማለፍን ያስተማረቻት እሷ ናት። የጩጬ እናት ስትደውል ስልኩን ነጥቃ፣ «እማማ፣ አያስቡ፣ ልጅዎ በእኔ እጅ ናት» ትላለች። ጩጬም እንደ ታላቅ እህቷ «እታለም» ትላታለች። ችግሩ ሁለቱም የፊት አጥቂ መሆናቸው ነበር። ቦታው አንድ ነው፤ አምበሏ ስትጫወት ጩጬ ተቀያሪ ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

የውድድር ዓመቱ አጋማሽ ላይ አምበሏ በልምምድ ለኳስ ዘላ ስትወርድ ግራ እግሯ ከዳት። ወዲያው እየሳቀች ተነሣች። «ሳሩ አዳልጦኝ ነው» አለች። ክፍላቸው ሲገቡ ግን በሩን ቆለፈችና ሱሪዋን ሰበሰበች። ጉልበቷ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል።

«የቡድኑን ወጌሻ ልጥራው?» አለች ጩጬ።

«ምላስሽን ነው የምቆርጠው! ውሌ ዘንድሮ ያልቃል። በዚህ ዕድሜዬ ጉልበቷን አመማት ከተባለ ማን ያስፈርመኛል? አንድ ዓመት ብቻ ልጨምር፤ ከዚያ ራሴ እተወዋለሁ። በእናትሽ ማይልኝ።»

ጩጬ «በእናቴ» ብላ ማለችላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኩሽና በባልዲ በረዶ ማመላለስ የጩጬ ሥራ ሆነ። ምግብ አብሳይዋ ለምን እንደሆነ ስትጠይቃት «ቁርጭምጭሚቴን አሞኝ» አለች። አብሳይዋ አንጀቷ አልችል ብሎ ለወጌሻው ነገረችላት። እሱም ጩጬን አስተኝቶ ደህናውን እግር ይጨምቅ ጀመር። «እዚህ ጋ ያምሻል?» «አዎ።» «እዚህስ?» «እሱም።» «ታዲያ ይሄ ሁሉ እያመመሽ በምንሽ ነው የምትሮጪው?» ብሎ ለሳምንት ከልምምድ አገዳት። በዚያ ሳምንት አሰልጣኙ ለአምበሏ እረፍት ሰጥቶ ጩጬን ከመጀመሪያው ሊያሰልፋት አስቦ ነበር። አምበሏ የወጌሻውን ነገር ስትሰማ ትራስ አፏ ላይ ጭና ሳቀች፤ ጩጬ የቀረባትን ጨዋታ ስትሰማ ግን ትራሱን ከአፏ አወረደች።

በጨዋታ ቀን አምበሏ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን ትዘረጋለች። ጩጬ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጉልበቷን በፋሻ ትጠመጥመዋለች።

«አጥብቂ።»

«እታለም፣ ደም አያሳልፍም እኮ።»

«አጥብቂ አልኩሽ!»

ከላይ ጥብቅ ያለ ጥቁር ሱሪ ይደረብበታል። ወጌሻው ጠጋ ካለ አምበሏ አንድ ቀልድ ታመጣለች፤ እሱም እየሳቀ የመጣበትን ረስቶ ይሄዳል። ደግ ሰው ነው፤ ደግ ሰው ደግሞ በቀላሉ ይታለላል።

በመጨረሻው ጨዋታ ዋዜማ ልምምድ አብቅቶ ጩጬ ኳሶቹን ወደ ከረጢት ስትሰበስብ አሰልጣኙ መጣ። ቁጡ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ድምፁ ለስልሶ ነበር። ጎንበስ ብሎ አብሯት ኳስ ማንሳት ጀመረ።

«አብራችሁ ነው የምትኖሩት። እውነቱን ንገሪኝ፣ ጉልበቷ እንዴት ነው?»

ጩጬ ያነሣችውን ኳስ እንደያዘች ቆመች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። በዚያው ጠዋት አምበሏ ደረጃውን ስትወርድ ግድግዳ ይዛ ስታቃስት ሰምታለች፤ ያ ጉልበት እንደማይዘልቅ ከማንም በላይ ታውቃለች። ለመሐላውም የመጣው ይምጣ ብላ አፏን ልትከፍት ስትል አሰልጣኙ አንድ ነገር ጨመረ።

«ካመማት ላሳርፋት። አንቺ ትገቢያለሽ።»

ምነው ባልጨመረ! አሁን ብትናገር ማን ያምናታል? እታለም አሳዝናት ሳይሆን ለቦታዋ ቋምጣ ነው አይሉም? ደግሞ ትፈልገዋለች። ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆና ስንቴ ተመኝታዋለች! ይህን ራሷ ስለምታውቅ አፈረች፤ ሐፍረቱ ምላሷን አሰረው።

«ደህና ናት፣ ኮች» አለች።

አሰልጣኙ ትንሽ አያት። የያዘውን ኳስ ከረጢቱ ውስጥ ጣለና ሄደ።

በማግስቱ አምበሏ «አጥብቂ» አለች፤ ጩጬም አጠበቀች። ከእረፍት በኋላ ጨዋታው ያለ ጎል እንደቀጠለ አምበሏ ኳስ በደረቷ አውርዳ ዞር ስትል ጉልበቷ አብሯት አልዞረም። ጩኸቷ ተቀያሪ ወንበሩ ድረስ ተሰማ። ወጌሻው ሮጦ ደርሶ ሱሪዋን በመቀስ ሲቀደው ከሥሩ ያ ሁሉ ፋሻ ወጣ። ቀና ብሎ ወንበሩ ላይ ያለችውን ጩጬን አያት። የዚያ ቀን ቁርጭምጭሚት ትዝ ሳይለው አልቀረም።

አምበሏ በክንዷ ዓይኗን ሸፍና በቃሬዛ ወጣች፤ ጩጬ ገባች። ጎልም አገባች፣ ያውም የማሸነፊያውን። ልክ እንደተማረችው ጀርባዋን ለጎል ሰጥታ ተቀበለች፣ ዞረች፣ መታች። ጓደኞቿ ላይዋ ላይ ሲከመሩ ከሥር ሆና አለቀሰች። እነሱ የደስታ መሰላቸው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ ቁርጡን ተናገረ፤ ትራመዳለች፣ ሩጫ ግን አብቅቷል። ጩጬ ብርቱካን ይዛ ሆስፒታል ሄደችና የክፍሉ በር ላይ ተገተረች።

«ግቢ እንጂ» አለች አምበሏ። «ቁርጭምጭሚትሽ ተሻለሽ?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

«ኮች መጥቶ ነበር። ‹ጠይቄያት ደህና ናት አለችኝ› አለ።»

ጩጬ አንገቷን ደፋች። «ምዬልሽ ነበር። ደግሞ... ቦታሽን የፈለግኩ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።»

አምበሏ አጠገቧ ያለውን ወንበር ጠቆመቻት፤ ጩጬም ተቀመጠች።

«ታውቂያለሽ፣ ጠዋት ጠዋት ‹ዛሬ ትነግረዋለች› እያልኩ ነበር የምነሣው። በራሴ አፍ በቃኝ ማለት አቃተኝ። ብትነግሪው ኖሮ እሰድብሽ ነበር። ወር ሙሉ አላናግርሽም ነበር። ግን እግሬ ይተርፍልኝ ነበር።»

ጩጬ ብርቱካኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እንባዋ ብርቱካኑ ላይ ዱብ ዱብ አለ።

ነርሷ አዲስ ፋሻ ይዛ ገባች። ጩጬ ሳታስበው ተነሥታ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች፤ እጇም እንደለመደው ወደ ጉልበቱ ሄደ። አምበሏ እጇን ቀስ ብላ ያዘቻት። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«ተዪው፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይሰረው።»