ድመቷ የላሰችው ጧፍ

«ሂጂ ከዚህ! አንቺ የማትጾሚ!»

ሐረገ ወይን መጥረጊያውን ወረወረች። ድመቷ ግን ወይ ፍንክች! አንድ ጧፍ ነክሳ ጥጓን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፈን ከፈት እያደረገች ትልሳለች።

«ደግሞ ጧፍ ይበላል? ምን ጉድ ነው!»

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» አለ ከበሩ አንድ ድምፅ። የደብሩ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ናቸው። ሐረገ ወይን ብድግ ብላ እጅ ነሳችና በርጩማ አቀረበችላቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን የጧፍ ቁራጭ ፈተው መዳፋቸው ላይ አሳዩዋት።

«ጧፍሽ ምን ነካው? ይንጣጣል። ያጨሳል። ጾመ ድጓዬን እኮ ጥላሸት አለበሰብኝ።»

«የኔታ፣ እንደ ወትሮው ነው የሠራሁት።»

«እንደ ወትሮው አይደለም። የደብሩ አስተዳዳሪም ሰምተዋል። ለትንሣኤ የታዘዘው ስድስት መቶ ጧፍ እንዲህ ያለ ከሆነ ከሱቅ ሻማ ይገዛ፣ ከእንግዲህም እዚያው እንሁን ብለዋል። እኔ ነኝ ትጠየቅ ያልኩት።»

ይኸን ብለው ሄዱ። ሐረገ ወይን ቆማ ቀረች። ባሏ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የቤቷን ቀዳዳ ሁሉ የምትደፍነው በጧፍ ነው። ክሩን ከምሰሶ ምሰሶ ወጥራ፣ እሳት ዳር የለሰለሰውን ሰም እያሸች ታለብሰዋለች። በመካነ ኢየሱስ ከተማ ጧፍ ሠሪ ቢባል እሷ ናት። ደብሩ ፊቱን ካዞረባት ግን ማን ይገዛታል? ማንም። ፋሲካ ደግሞ አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው።

ዓይኗ ወደ ድመቷ ተመለሰ። ሌላው ሰው ቢሆን ጧፉን ቀምቶ፣ ድመቷን በርግጫ ብሎ፣ ሥራውን ይቀጥል ነበር። እሷ ግን ከልጅነቷ ነገር ካልገባት እንቅልፍ አይወስዳትም፤ እናቷ «አንቺ የሞትን ቤት ታንኳኪያለሽ» ይሏት ነበር።

ከሣጥን ሥር ያቆየችውን የዛሬ ሦስት ዓመት ሰም አወጣች፤ ከአዲሱም ቆረሰች። ሁለቱን ጎን ለጎን መሬት ላይ አኖረችላት። ድመቷ አሮጌውን አሸተት አድርጋ አለፈችው። አዲሱን ላሰች።

«አሃ!»

ሁለቱንም በገል አድርጋ ፍም ላይ ጣደቻቸው። አሮጌው ማር ማር ሸተተ። አዲሱ ግን ቤቱን የፋሲካ ማለዳ አስመሰለው፤ ጥብስ ጥብስ አለ። ከቅበላ ወዲህ ሥጋ ያልቀመሰ አፏ ምራቅ ሞላ። አፈረች፤ ለብቻዋ ሆና እንኳ አፈረች።

ሞራ ነው! በዐቢይ ጾም፣ በታቦቱ ፊት፣ የከብት ሞራ ሲነድ ከርሟል።

ሰሙን የሸጠላት ከቆላ የሚመጣው ባለበቅሎ ነጋዴ ነው። ከሌላው ቀለል ያለ ዋጋ ሲጠራላት «ለምን ረከሰ?» ማለት አምሯት ነበር። አላለችም። ነገር ጠያቂዋ ሐረገ ወይን፣ ርካሽ ስታገኝ አፏን ዘጋች። ከዚያ ሰም ገና ስምንት ኪሎ ያህል ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሰውዬው ደግሞ ከፋሲካ በፊት አይመለስም።

በማግስቱ ገበያውን አሰሰችው፤ ሰም የሚባል የለም። ማር እንኳ ተጣርቶ በጠርሙስ ነው የሚሸጠው። ወደ ቤቷ ስትመለስ የጥቃቅንና አነስተኛው ባለሙያ ሙሉቀን ትዝ አላት። በጥር ቀበሌ አዳራሽ ሰብስቧቸው «ያንዱ ጥራጊ ለሌላው ጥሬ ዕቃ ነው፤ እስቲ የጎረቤታችሁን ጓሮ እዩ» እያለ ሁለት ቀን ሙሉ ሲለፈልፍ ነበር። እሷ እንኳ የተቀመጠችው ለአበሉ ነው። አሁን ግን መንገድ መሃል ቆመች። የማን ጓሮ? ማር የሚገባበት ቤት ሰም አይጠፋበትም። ማር የሚገባው ደግሞ ጠጅ ቤት ነው!

የጠጅ ቤቱ ባለቤት ጥጋቡ ለፋሲካ ሦስት በርሜል ጠጅ ጥሏል። በሩ ላይ ብርሌ ሲያጥብ አገኘችው።

«ጥጋቡ፣ ሰፈፍ ሽጥልኝ።»

«የምን ሰፈፍ?»

«ከጠጁ ላይ የሚንሳፈፈውን ነዋ! ማሩ ሲሟሟ ሰሙ የት ይሄዳል?»

«የለኝም እታለም።» ብርሌውን ያለ ልክ ያሽ ጀመር።

«ሦስት በርሜል ጥለህ?»

«ተጣለ። ቆሻሻ ነው፣ ተጣለ።»

«የት?»

«አቤት ነገር መውደድ! ምን አገባሽ?»

ሐረገ ወይን ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ግን ጥጋቡ የሳንቲም ሰው ነው፤ አተላውን እንኳ ላም ላለው ይሸጣል። እንዲህ ያለ ሰው ገንዘብ ይጥላል? በአጥሩ ዙሪያ ስትዞር ንቦች ዝቅ ብለው ወደ ጓሮው ሲገቡ አየች። በመጋቢት ሐሩር አበባ በሌለበት ምን ፍለጋ? አጥሩ የሳሳበትን ፈልጋ ተከተለቻቸው።

ጉድጓድ ነው፣ አመድ የተነሰነሰበት። አመዱን በእንጨት ገለጥ ስታደርገው ሰፈፉ ብቅ አለ፤ ማር ማር የሚል፣ ከማለፊያ ማር የወጣ ሰፈፍ። ደስ ብሏት ልትጮህ ምንም አልቀራት። ትንሽ ቆይታ ግን ግራ ገባት። ከሦስት በርሜል ጠጅ ይህችው ብቻ? ቀና ስትል ከግድግዳው ሥር የታጠፉ ባዶ የስኳር ጆንያዎች ተደርድረዋል። ከጆንያዎቹ አጠገብ ጥጋቡ ቆሟል።

«አገኘሽው? በይ ንገሪ። ለከተማው ሁሉ ንገሪ።»

«ለዚህ ነው የምትቀብረው?»

«እና ምን ላድርግ? ሰፈፉን ያየ የማሩን ማነስ ያውቃል። ማር ተወደደ፤ ጠጪው ደግሞ በዱሮ ዋጋ ቅዳልኝ ይላል።»

ስድብ ሲጠብቅ ሐረገ ወይን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ አንተን የምናገርበት ምን አፍ አለኝ? የኔ ጧፍ ሞራ ነው።»

«ምን?»

«ሞራ። የከብት።»

ጥጋቡ ሳቁ አመለጠውና አፉን በመዳፉ ያዘ። «ለታቦት?»

«ለታቦት።»

«ኧረ የእግዚአብሔር ያለህ! ከኔስ ያንቺ ባሰ።» እሱም ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። ንቦቹ በመሃላቸው ይመላለሳሉ።

«ሰፈፉን ስጠኝ» አለች ቆይታ። «ከእንግዲህም በየጊዜው ልውሰድ፣ ከፍዬ።»

«በየጊዜው ከወሰድሽማ ታውቂብኛለሽ።»

«አውቅብሃለሁ። ግን አስብ እስቲ፤ ማር ባበዛህ ቁጥር ሰፈፉ ይበዛል፤ ሰፈፉ ሲበዛ ከኔ የምታገኘው ይበዛል። የማሩ ዋጋ ጥቂት ቀለለልህ ማለት ነው። አሁን ግን ስኳርም ትገዛለህ፣ ጉድጓድም ትቆፍራለህ።»

ጥጋቡ ራሱን አከከ። «ከሙሉቀን ስብሰባ ተኝተሽ የወጣሽ መስሎኝ ነበር።»

«ተኝቼ ነበር» አለች።

ሰፈፉን በማዳበሪያ ተሸክማ ገባች። በትልቅ ድስት ከውኃ ጋር ቀቀለችው፤ ማዳበሪያው ውስጥ ጨምራ በሁለት እንጨት እየጠመዘዘች አጣራችው። ሲያድር ከጎድጓዳ ሳህኑ ላይ እንደ ድፎ የረጋ ቢጫ ሰም አነሳች። እንዴት ያምራል! አንዷን ጧፍ ሠርታ አበራቻት፤ አልተንጣጣችም፣ አላጨሰችም።

ሰሙ ግን አራት ኪሎ ነው። ለሦስት መቶ ይበቃል፤ የታዘዘው ስድስት መቶ ነው።

ዓይኗ ወደ ጥጉ ሄደ። እስቲ ምን እንደሚሆን ልየው ብላ ሦስት እጅ ከንጹሑ፣ አንድ እጅ ከሞራው አሽታ አንድ ጧፍ ሠራች። አበራችው። ብርሃኑ ጥሩ ነው። ሽታ የለውም። መሪጌታም ቢሆኑ አይለዩትም። በዚህ ሒሳብ አራት መቶ ይደርሳል፤ ሞራውን እኩል ብታደርገው ደግሞ ስድስት መቶው ይሞላል። ጧፉ ነዶ እስኪያልቅ ተቀምጣ አየችው። ማንም እንደማያውቅ ርግጠኛ ስትሆን ይብሱን ፈራች። እንዲህ እያለ ይሆን ነጋዴውም የጀመረው? ከአራት አንድ፣ ከዚያ ከሦስት አንድ...

በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ መሪጌታ መጡ። አንዷን አብርተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት፤ ፊታቸው ፈካ።

«ይኸ ነው ጧፍ ማለት! የቀረውስ?»

«የቀረ የለም፣ የኔታ። ሦስት መቶ ነው።»

«ጉድ አፈላሽ! ያ ሁሉ ሰም ጥግ ላይ ተቀምጦ?»

«እሱ ሞራ አለበት። እስከ ዛሬ ስታበሩት የከረማችሁትም እሱ ነው። ርካሽ ሆኖ ሳገኘው ሳልጠይቅ ገዛሁት። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ክሩን ይቀባበት ብዬ ልሰጠው ነው።»

መሪጌታ በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አማተቡ።

«የጧፉ ክር ነው ያጨሰው ብትይኝ አምንሽ ነበር እኮ» አሉ።

«እንደሚያምኑኝማ አውቄ ነው።»

«አስተዳዳሪው ከሰሙ ዳግመኛ ከአንቺ ላይገዙ ይችላሉ።»

«ያንንም አውቃለሁ።»

«ስድስት መቶ ሰው በሦስት መቶ ጧፍ ምን ይሆናል?»

«ለሁለት አንድ ያብራ። ባልና ሚስት በአንድ፣ እናትና ልጅ በአንድ። የኔታ፣ ብርሃኑ አይጎድልም።»

መሪጌታ የጧፉን እስር አንስተው ወደ በሩ አመሩና ቆሙ። «እኔ ለአስተዳዳሪው ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም።»

ሐረገ ወይን ሰም የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ነጠላዋን ከምሰሶው አወረደች። «እርስዎማ በኔ ጥፋት ምን በወጣዎ!» አለችና፣ ከመሪጌታ ቀድሞ መውጣት ነውር መሆኑን ረስታ፣ ወደ ደብሩ የሚወስደውን መንገድ ጀመረች።