ሳንባ የሌለው ልብ

ዊንታ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመረች አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ልብን በየዓመቱ ሦስት ክፍለ ጊዜ ታስተምራለች። ለአባቷ ግን በአምስት ደቂቃ አስረድታ፣ ሐሙስ ለልብ አልትራሳውንድ ልትወስዳቸው አስባለች። ጉራዋ!

አባቷ አቶ ገብረዋሕድ፣ ገርጂ ሰፈር ውስጥ አርባ ዓመት የውሃ ፓምፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሐኪሙ «በግራ በኩል ያለው የልብዎ ቫልቭ ሳያፈስ አይቀርም፣ እንየው» ሲላቸው እምቢ አሉ።

«የሚሠራ ፓምፕ አይፈታም።»

«ማን ይፈታል አለ? ማየት ብቻ ነው። ትንፋሽ እያጠረዎት እኮ ነው፣ አባባ!»

«ደረጃው ነው። አራተኛ ፎቅ ግዙ ያልኳችሁ እኔ ነኝ?»

ዊንታ ልታርም ካመጣችው ፈተና አንዱን ገልብጣ ልብ ሣለች። ሁለት ክፍል ላይ፣ ሁለት ክፍል ታች። ከዚያ በአስተማሪ ድምጿ፣ «ከሰውነት የመጣው ደም በቀኝ ላይኛው ይገባል፣ ወደ ታችኛው ይወርዳል፣ ወደ ግራ ታችኛው ያልፍና እሱ ገፍቶ ወደ ሰውነት ይረጨዋል» አለች።

አባቷ መነጽራቸውን አደረጉ። «አየሩንስ የት አገኘው?»

ወረቀቱን አየችው። ሳንባ የለም። ተማሪ ቢሆን ኖሮ «ወላጅ አምጣ» ትለው ነበር። የሷ ወላጅ ደግሞ ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል።

ቶሎ ብላ ሳንባ ጨመረችና ከሳንባው መስመር ስባ በግራ ታችኛው ክፍል ከተተችው።

«ገፊው ታችኛው ነው አላልሽም? ላይኛው እንግዲህ የውሃ ሮቶ ነዋ!» እስክሪብቶውን ቀሟት። «ከሳንባ መጀመሪያ ሮቶው ይገባል፣ ከዚያ በቫልቭ ወደ ፓምፑ። አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለች አስተማሪዋ።

«የኔ የሚያፈሰው ይሄ ቫልቭ ነው?»

«እሱ ነው።»

እስክሪብቶውን ወደ ኋላ ነዱት። ከፓምፑ ወደ ሮቶው፣ ከሮቶው ወደ ሳንባው። እዚያ ቆሙ። ቫልቭ ሲያፈስ ወዴት እንደሚመለስ ለሳቸው አይነገርም።

«ደረጃው አይደለማ» አሉ ቀስ ብለው።

ዊንታ ዝም አለች። ዛሬ በትክክል የሠራችው እሱን ብቻ ነው።

«ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?»

«ሦስት ሰዓት። አብሬዎት ገብቼ ለሐኪሙ አስረዳዋለሁ።»

«ነይ፣ ግን ምንም እንዳትተነፍሺ።» ወረቀቱን ሊያጥፉ ሲገለብጡት የተማሪዋ ሥዕል ወጣ፤ ቀስቶቹ ሁሉ በቦታቸው። «ሮሃ ማናት?»

«ተማሪዬ ናት።»

«ሳንባውን አልረሳችም። እሷንም ይዘሻት ነይ።»